በሰው ፊት የተሰጠ ጉርሻ

የሠርግ ቀን ሲዛወር ከሁሉ በኋላ የሚሰማው የሚዘፍነው ሰው ነው። ጠጅ ጣይዋ ቀድማ ትሰማለች፤ ጠጁ መድረስ አለበት። ዳስ የሚጥሉት ይሰማሉ፤ በሬ የሚያቀርበው ይሰማል፤ ካህናቱም ይለመናሉ። አዝማሪን ግን ማን ይለምነዋል? ድምፅ አይጠነሰስ፣ መሰንቆ አይቦካ፤ ሲጠሩ ይመጣሉ ነው ነገሩ።

የቀኛዝማች ገብረ መድኅን ልጅ የዘውደነሽ ሠርግ ከቅበላው እሑድ ወደ ሐሙስ መሳቡንም እነዲሪቤ የሰሙት ማክሰኞ ዕለት፣ ያውም መቱ ገበያ ጨው ሊገዛ ከወጣ ሰው አፍ ነበር።

ሦስት ናቸው። ጋሼ ኩመራ መሰንቆ ይመታሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም። እትዬ ሽብሬ ከበሮ ትመታለች፤ ወፍራምና ሳቂታ ናት። ዲሪቤ ትዘፍናለች። ከኖፓ የመጣች ልጅ ናት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ግጥም ስታወርድ የመቱ ሰው ሥራውን ትቶ ይቆማል። ከገበያው በታች በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር ወሬው የደረሳቸው።

"ሐሙስ ማለት ከነገ ወዲያ እኮ ነው!" አለች እትዬ ሽብሬ። "የከበሮዬ ቆዳ ገና ፀሐይ ላይ ነው። ምን አስቸኮላቸው?"

"ጎሬ ያሉት የቀኛዝማች እኅት፣ እማሆይ፣ አንደበታቸው ተዘግቷል አሉ" ጋሼ ኩመራ የመሰንቆውን ደጋን በሙጫ እያሹ መለሱ። "እሳቸው ካረፉ ሠርጉ ቀረ። ኀዘኑ ሳይወጣ ጾም ይገባል፤ ሙሽራውም እስከ ፋሲካ የሚታገሥ አይመስልም። እና ቀድመዋቸው ሊድሩ ነው።"

"ከሐሙስ በፊት ካረፉስ?"

"አያርፉም። ቢያርፉም አይነገርም። በዚያ ቤት ሰው የሚሞተው ሲፈቀድለት ነው።"

እትዬ ሽብሬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዲሪቤ አልሳቀችም። ነገ ሌሊቱ ሲነጋጋ ወደ ኖፓ ልትነሣ ስንቋን ቋጥራለች። እናቷ ተጂቱ ከገና ወዲህ ከመኝታዋ አልወረደችም። ማር ሊሸጥ ገበያ የወጣው ጎረቤታቸው ኦቦ አራርሳ አህያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አድሮ አብሯት ሊመለስ። ሐሙስን ከእናቷ ጋር ውላ ዓርብ ትመጣለች፤ ቅዳሜ ሁሩሙ ላይ ይዘፍናሉ፤ እሑድ ደግሞ የቀኛዝማች ሠርግ ነው። እንዲህ ነበር የተሰናዳው። አሁን የአንዲት አሮጊት አንደበት ጎሬ ላይ ተዘጋና የዲሪቤ መንገድ መቱ ላይ ተዘጋ።

"እኔ አልዘፍንም" አለች። "ሌላ ይፈልጉ።"

ጋሼ ኩመራ ቀና ብለው አዩዋት። የማን ቤት ሠርግ እንደ ሆነ ያውቃሉ። እሷም የሙሽራዋ ወንድም የልቧ ሰው መሆኑን ማወቃቸውን ታውቃለች። አስተያየታቸው ፊቷን አጋለው።

በዚያው ቀን ማምሻውን ሸዋንግዛው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መጣ።

ሸዋንግዛው የቀኛዝማች የበኩር ልጅ ነው፤ ጎሬ ፍርድ ቤት ጸሐፊ። ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፎላታል፤ በቡና መኪና ሾፌር እጅ፣ በዚያ በተዋበ የቢሮ ጽሕፈት። በወረቀት ላይ "የዓይኔ ብርሃን" ይላታል። መንገድ ላይ ከእናቱ ጋር ሲያገኛት ግን ግድግዳ እንዳየ ሰው ዓይኑን አንሥቶ ያልፋል። ዲሪቤ ደብዳቤዎቹን በልቧ ይዛቸዋለች፤ ያን ዓይን የማንሣት ነገር ደግሞ ሆዷ ይዞታል።

"ሰማሽ?" አላት።

"ከገበያ ሰማሁ። ከእናንተ ቤት ግን የነገረኝ የለም።"

"አትቆጪ። እኔም የመጣሁት ዛሬ ነው። ዲሪቤ፣ ካልዘፈንሽ እናቴ ከጎሬ ሌሎች ታስጠራለች።"

"ታስጠራ። እናቴ ታማለች።"

"አውቃለሁ። ግን ለእናቴ ልነግራት ያሰብኩት በዚያ ቀን ነው። ዘመድ ሁሉ ባለበት፤ ደስ ባላት ሰዓት።"

"ምን ብለህ?"

"አንቺን ብዬ።"

ከወፍጮ ቤቱ የዱቄት ብናኝ እየወጣ ጥቁር ኮቱ ላይ ያርፋል። ዲሪቤ ብናኙን ልታራግፍለት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

"መናገርህን ተወው" አለች። "ንግግር ታውቅበታለህ፤ ሥራህም ነው። እናንተ ቤት ለሠርግ ስንመጣ የት እንደምንበላ ታውቃለህ? ከዳሱ ጀርባ፣ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ። ጠርዙ የተላጠ ትሪ አለ፤ የአዝማሪ ትሪ ይሉታል፤ ሌላ ሰው አይበላበትም። እናትህ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ 'አንቺ አዝማሪ' ነው የሚሉኝ። እና ከንግግሩ በፊት በሰው ፊት አንዲት ጉርሻ አጉርሰኝ። በዳሱ መካከል፣ እናትህ እያዩ። ያን ጊዜ አምንሃለሁ።"

ሸዋንግዛው ብናኙን ከኮቱ ላይ አራገፈ። ከዚያ፣ "ማርያምን! ሐሙስ አጎርስሻለሁ። ዓርብ በጠዋት ደግሞ በአባቴ በቅሎ ራሴ ኖፓ አደርስሻለሁ። እናትሽም ታየኛለች" አለ።

ለኦቦ አራርሳ በሩ ላይ ነገረችው። "ለአዮ፣ ለእናቴ፣ ዓርብ እመጣለሁ በልልኝ። ቀን ተዛውሮብኝ ነው። ሰው ይዤ እመጣለሁ በልልኝ።"

ኦቦ አራርሳ የአህያውን ገመድ በእጁ ጠቀለለ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አላት ቀስ ብሎ። "እሷ ቀኑን መች ታውቀዋለች? በሩን ብቻ ነው የምታየው።"

ሐሙስ ሲነጋ ያ ንግግር ገና ደረቷ ላይ ነበር። ቢሆንም ደስታዋ ከጸጸቷ ይበልጥ ነበር፤ በዚህም ራሷን ታዘበች።

የቀኛዝማች ግቢ ገና በማለዳው ከርፍቷል። በችኮላ የታረደው በሬ ደም ከበሩ ሥር አልተደፈነም፤ ዝንብ ወሮታል። ጠጁ ቀኑ ሳይደርስ ስለ ተጠለለ ጋኑ አፍ ላይ ነጭ አረፋ ይዞ ሆድ የሚነፋ ሽታ ይተነፍሳል። አንዱ የቀኛዝማች ወዳጅ ከአሁኑ ጠግቦ፣ ቅቤ የነካ ጣቱን በእትዬ ሽብሬ ከበሮ ቆዳ ላይ ሲጠርግ ዲሪቤ አየችው። ሌላው ጋሼ ኩመራን "አንተ አዝማሪ! እስቲ አንዴ አስጩኸው" እያለ የመሰንቆውን አንገት ይጎትታል። ጋሼ ኩመራ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ "ጌታዬ፣ ይኼ ፍየል አይደለም፤ ሲጎተት አይጮህም" አሉት። ሰው ሳቀ። ዲሪቤን ግን አንገሸገሻት።

ጥቂት እንደ ዘፈኑ በሩ ላይ ትንሽ ግርግር ተነሣ። የገባውን ሰው ዘበኞቹ ከበቡት፤ ቀኛዝማች ራሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄዱ። ከሰዉ ትከሻ በላይ አንድ ኩታ ብቻ ነው የታያት፤ ወዲያው በአጥሩ ሥር ወደ ጓሮ ዞሩ። ለማኝ ወይም ጭሰኛ ይሆናል ብላ ግጥሟን ቀጠለች።

ነገሩ ሁሉ መለወጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ወይዘሮ ወርቅውሃ መጡ፤ የሸዋንግዛው እናት። ከዳሱ መካከል ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዲሪቤ" አሏት።

ዲሪቤ ዞር አለች። ሌላ ዲሪቤ ያለ መስሏት።

"ልጄ፣ ቁርስ ቀምሰሻል?"

"ኧረ ግድ የለም፣ እትዬ።"

"እንዴት ግድ የለም? ባዶ ሆድ አይሆንም። ዛሬ ከጓሮ አትበሉም፤ እዚሁ ከእኛ ጋር ነው። ኑ፣ ወንበር አምጡላት!"

ወንበር መጣ። የአጎዛ ምንጣፍ ተደረበበት። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። አንዷ ጉልበቷን ዳበሰቻት። ሌላዋ አየቻትና ቶሎ ዓይኗን ሰብራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ዲሪቤ ሠርግ ላይ የሚያለቅስ ሰው ለምዳለች፤ እናቶች ያለቅሳሉ፤ አክስቶች ያለቅሳሉ። የእሷ ልብ ግን ሌላ ነገር ይል ጀመር። ነግሯቸዋል! ሳይፈራ ነግሯቸዋል፤ እነሱም እሺ ብለዋል።

ጋሼ ኩመራ ጎንበስ ብለው፣ "ምን ሆኑ እነዚህ ሰዎች?" አሏት።

"እንጃ፣ ጋሼ" አለች፤ ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

"ለሃያ ዓመት ስመጣ ወንበር አይቼ አላውቅም። እኔ ደስ አላለኝም።"

"ጋሼ ደግሞ! ደስ የሚልዎ ነገር አለ?"

እሳቸው መሰንቆውን አንሥተው መቃኘት ጀመሩ።

ሸዋንግዛው ያን ጊዜ መጣ። ነጭ ኮትና ነጭ ሱሪ ለብሷል። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ይመስላል። ከእናቱ መሶብ ፊት ቆመ። እንጀራውን ቆረሰ፤ ከዶሮው ወጥ፣ ቅቤ ከተንሳፈፈበት ላይ ጠቀለለ። ከዚያ ወደ አባቱ ሳይሆን፣ ወደ ሙሽራዋም ሳይሆን፣ በዳሱ መካከል አቋርጦ ወደ እሷ መጣ።

ቀኛዝማች አዩ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አዩ፤ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲሪቤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ለእኔ ብሎ ነው የሚንቀጠቀጠው አለች በልቧ። አፏን ከፈተች። ጣቶቹ ከንፈሯን ነኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከበላችው እህል ሁሉ ያ ጉርሻ ጣፈጣት። ስታላምጥ እንባዋ መጣ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን ዓይኑን አንሥቶ ከራሷ በላይ ያለውን የዳሱን ምሰሶ ያይ ነበር። አፍሮ ነው አለች።

ከዚያ ዘፈነች። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲገቡ፣ ጮማ ሲቆረጥ፣ ብርሌ ሲዞር ዘፈነች። ከሆዷ እንጂ ከጉሮሮዋ አልነበረም። ከአንድ ዓመት ወዲህ ያላለችውን ግጥም እንዲህ ብላ አወረደች፦

"ጓሮ ያለው ቡና ሳላየው አብቦ፣
ደጄ ድረስ መጣ መዓዛው ተስቦ።"

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ወንዶች ተነሥተው ትከሻቸውን መቱ። ከዳሱ ውጭ፣ ከጓሮው በኩል፣ አንድ ሰው በጉሮሮው እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ያሰማ መሰላት። እንደገና ብታዳምጥ የለም። ደስታዋ ግን ሙሉ ነበር፤ የሚጎድለው እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዓርብ ታየዋለች።

ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት ትንሽ ዕረፍት ተሰጣቸው። ዲሪቤ ወይዘሮ ወርቅውሃን ፈለገቻቸው። ጉልበታቸውን ልትስም፣ ስሜን ስለ ጠሩኝ እግዜር ይስጥልኝ ልትል ነበር። ወደ ጓዳ ገብተዋል ሲሏት በቤቱ ጀርባ ዞረች።

ከእንጨት ክምሩ አጠገብ አንድ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ ትሪ ቀርቧል፤ ያ ጠርዙ የተላጠ ትሪ። ሥጋው ደርቆ ወጡ ላይ ቅቤው ረግቷል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሰውዬው እጁን በጉልበቱ መካከል አድርጎ መሬት ያያል። ኩታውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ነው የለበሰው።

እንዲህ የሚለበሰው ለኀዘን ነው። እንዲህ ለብሶ የሠርግ ቤት የሚገባ የለም።

"ኦቦ አራርሳ?"

ቀና አለ። ሲያያት ዘሎ ተነሣ፤ የተቆጣችው ይመስል እጁን አወናጨፈ።

"አልበላሁም" አላት። "ማርያምን አልበላሁም፣ ኢንታላ ኮ። እነሱ አስቀመጡልኝ እንጂ አልነካሁትም።"

ዲሪቤ እንጨቱን ያዘች። "መቼ?"

"ትናንት ማታ። በሩን እያየች።"

"ቀብሩስ?"

ኦቦ አራርሳ ወደ ፀሐይ አየ። ፀሐይዋ ከዳሱ ጣራ አልፋ ወደ ምዕራብ አጋድላለች። "ከቀትር በኋላ ነው የተባለው። ዘመድ ሊያቆይልሽ ቢልም ከዚያ በላይ አይሆንም። እኔ በጠዋት ነው የደረስኩት። ያኔ ብንነሣ እንደርስ ነበር። ቀኛዝማች 'ሙሽራዋ ሳትወጣ ቃል እንዳትተነፍስ፤ እዚህ ተቀመጥ' አሉኝ። የማርሰው የእሳቸውን መሬት ነው፣ ልጄ፤ ምን ልሁን? ተቀመጥኩ። ድምፅሽን እየሰማሁ ተቀመጥኩ።"

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"ሁሉም። ልጃቸውም መጥቶ አነጋግሮኛል፤ ሸዋንግዛው። አልቅሷል ስልሽ። 'እኔ እነግራታለሁ፤ ብቻ አስቀድማ እህል ትቅመስ' አለኝ።"

እህል ትቅመስ።

ይህን ወግ የማያውቅ ሰው አገሩ ውስጥ የለም። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ከመስማቱ በፊት ይመገባል፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትምና። ሰው ሁሉ ያባብለዋል፤ ቦታ ይለቀቅለታል፤ በስሙ ይጠሩታል። ዲሪቤ ስንት ጊዜ አይታዋለች! ከነገ ወዲያ መርዶ ለሚነገራት ሴት ጎረቤት ሁሉ እየተፈራረቀ ሲያጎርስ፣ ሴትዮዋ ብቻ ምንም ሳታውቅ ስትስቅ አይታለች። የራሷን ሲያደርጉባት ግን አላወቀችም። ወንበሩ፣ አጎዛው፣ ጉልበቷን የዳበሰችው ሴት፣ "ልጄ" ያሏት አፍ፣ የተንቀጠቀጠው እጅ... ሁሉም አንድ በአንድ መጥቶ ፊቷ ተደረደረ።

ፍቅር መስሏት ነበር። የሚያበሏት ግን ለመርዶ ነበር፤ ያውም ድምፅዋ እንዳይሰበር።

አጎንብሳ ልታስመልስ ሞከረች። ምንም አልወጣም። ጉርሻው ወርዷል።

"ዲሪቤ! ልጄ፣ ሙሽራዋ ልት..." ወይዘሮ ወርቅውሃ ከጓዳው በር ብቅ ብለው ቀጥ አሉ። ኦቦ አራርሳን አዩት። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"እንግዲህ ሰማሽ" አሉ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነበር ይበልጥ የቀፈፋት። "ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌ ሰብስበን እንደ ወጉ ልናረዳሽ ነበር። መርዶ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል? ለራስሽ ብለን ነው። አሁን የእኔ እመቤት፣ አንዲት መሸኛ ብቻ ዝፈኝልኝ። ደግሞ ልጄን ገዷን እንዳታበላሺባት፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ድምፅ አውጥተሽ እንዳታለቅሺ። በማርያም።"

እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉ። ቀለበታቸው ሥር ወጥ ደርቋል። ዲሪቤ ወደ ኋላ አለች።

"ለእማሆይ ስትሉ የሠርጉን ቀን አዛወራችሁ፣ እትዬ" አለች። "የእናቴን ቀብር ግን የሚያዛውርልኝ የለም።"

በቤቱ መስኮት ዘውደነሽ ታየቻት። ገና ልጅ ናት፤ ፊቷን የሸፈነውን ስስ ጨርቅ ገልጣ፣ ምን እንደ ተፈጠረ ሳታውቅ በፍርሃት ታያለች። ለዚያች ልጅ ሲባል ዲሪቤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። ጩኸቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ እንደ ድንጋይም ከበዳት።

ዳሱ ውስጥ ገብታ ለሁለቱ ባልደረቦቿ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ብቻ ነገረቻቸው። "አዮን ዱቴ።" እናቴ ሞተች።

እትዬ ሽብሬ እጇ ከበሮው ላይ እንዳለ ቀረ። ዲሪቤን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ አጎዛውን አየች። ከዚያ ከበሮውን አንሥታ በአፉ መሬት ላይ ደፋችው። ጋሼ ኩመራ የመሰንቆውን ቁልፍ ያዙ። ሰው ሁሉ እያያቸው ቀስ ብለው አዞሩት፤ ጭራው እየረገበ፣ እየረገበ ሄዶ ተንጠለጠለ።

"ምንድነው እሱ?" ቀኛዝማች ከላይ ሆነው ጮኹ። "ሙሽራዋ ወጣች እኮ! ምቱ እንጂ!"

ጋሼ ኩመራ መሰንቆውን በብብታቸው አደረጉ። "ቀን ተዛወረብን፣ ጌታዬ" አሉ።

ዘውደነሽ ያለ ዘፈን ወጣች። ሁለት ሴቶች እልልታ ጀምረው መካከል ላይ ተዉት። ከደጅ የቆመችው መኪና ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ያም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አሳፋሪ ነበር።

ኦቦ አራርሳ ከፊት፣ ዲሪቤ ከኋላ ሆነው የኖፓን መንገድ ያዙ። እትዬ ሽብሬና ጋሼ ኩመራ ዕቃቸውን አስቀምጠው ሊከተሏት ነው። የከተማው ቤቶች አልቀው ቡናው ሲጀምር የኮቴ ድምፅ ከኋላ መጣ። ነጭ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ የአባቱን በቅሎ እየሳበ ነበር።

"ዲሪቤ! ቁሚ። ተቀመጪባት። ቶሎ ብንሄድ..."

"ቶሎ ሄደን የት እንደርሳለን?"

ሸዋንግዛው ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወርዷል። "እንድትጎጂ ብዬ አይደለም። ወጉ እንዲህ ነው። ሳትበዪ እንዳይነግሩሽ ብዬ ነው። ቃሌንም ጠብቄያለሁ፤ በሰው ፊት አጉርሼሻለሁ። እናቴ አየች። እምቢ አላለችም፣ ዲሪቤ።"

"ለምን እምቢ ይላሉ? ኀዘንተኛን ማጉረስ ማን ይከለክላል?"

"እንዲህ አታድርጊው።"

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ።" ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ "እርስዎ" ብላው አታውቅም። ፊቱ ሲለወጥ አየች፤ ሆኖም ቃሏን አልመለሰችም። "ኦቦ አራርሳ ዛሬ ጠዋት ባይመጣ ኖሮ፣ እናቴ ደኅና ብትሆን ኖሮ፣ ያን ዳስ አቋርጠው ያጎርሱኝ ነበር?"

በቅሎዋ ጆሮዋን አራገፈች። በቡናው መካከል አንድ ወፍ ጮኸ። 'አጎርስሽ ነበር' እንዲላት ዲሪቤ ልቧ እስኪሰነጠቅ ፈለገች፤ ቢዋሽም እንኳ ልታምነው ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህም ራሷን ተጸየፈች።

"እንጃ" አለ በመጨረሻ፤ አንገቱን ደፋ። "አላውቅም።"

"ደኅና ይዋሉ" አለችው።

የበቅሎዋን ልጓም እንደ ያዘ ቀረ። ኮቴ አልተከተላትም። ቢከተላት ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበርና፣ አለመከተሉ ዕረፍትም ውርደትም ሆነባት።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ተንበረከከች። ውኃ በእፍኟ ቀድታ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች። ደግማ ተጉመጠመጠች። ምላሷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ጥርሷን በጣቷ አሸች። ቅቤው አልለቅ አላት። ኦቦ አራርሳ ወደ ጎን ዞሮ ቆሟል፤ አላያትም።

"እስካሁን አልብሰዋታል?" አለችው። "አፈር?"

"እስካሁን አዎ።"

"መቼ ይሆን? ስበላ ነው ወይስ ስዘፍን?"

ኦቦ አራርሳ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥቶ፣ እንደ አባት፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቆ አለበሳት። ከዚያ እጇን ይዞ ድንጋይ በድንጋይ አሻገራት።

ከወዲያ ማዶ የማንም ሠርግ አልነበረም። ገዷ የሚበላሽ ሙሽራ የለችም፤ ዝም በይ የሚል የለም። ጠዋት ሙሉ ለሰው ስታወጣው የዋለችው ድምፅ አሁን የራሷ ሆነ። ዲሪቤ እጆቿን በራሷ ላይ አድርጋ ወደ ኖፓ ዞረችና ለእናቷ አፏን ስትከፍት፣ ከጩኸቱ ቀድሞ የመጣው የጉርሻው ጣዕም ነበር።